ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

[የመግቢያ ሙዚቃ። ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆይና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል]

  ዛሬ ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ድምፅ ላሰማችሁ። ጆሯችሁን ስጡኝ።

[ድምፅ፦ የሞተር ሳይክል ማስነሻ በእግር ሲረገጥ። አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ። በሦስተኛው ይነሳል፤ ይንተፋተፋል፤ ይጠፋል]

ሰማችሁ? አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። ማለዳ ነው፣ የሥራ ሰዓት ደርሷል፣ ሞተሯ ግን ትነሳና ትጠፋለች። ያኔ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ምንድን ነው? "ካርቡሬተሩ ነው!" ነው። ወዲያው ካቻቪቴ ይፈለጋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ካርቡሬተሩ መሆኑን በምን አወቃችሁ?

የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው። ለዓመታት በያማሃ ዲቲ 125 ገጠር ለገጠር ስመላለስ፣ ከዚያም የሌሎችን ሞተሮች ስፈታና ስገጥም የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ካርቡሬተር ብዙ ጊዜ አይሰበርም፤ ይቆሽሻል እንጂ። ደግሜ ልበለው፤ አይሰበርም፣ ይቆሽሻል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

[አጭር ሙዚቃ]

ለመሆኑ ይህ ዕቃ ሥራው ምንድን ነው? ቤንዚንን ከአየር ጋር ማዋሃድ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አዎ፣ አየርም ይመዘናል። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ሲበዛ ሞተሯ ትታፈናለች፣ ታጨሳለች። ሲያንስ ደግሞ ትግላለች፣ ጉልበት ታጣለች።

እንዴት ነው የሚያዋህደው? የዝንብና የትንኝ መርዝ የሚረጭበትን የድሮውን የእጅ ፍሊት አስታውሱ። እጀታውን ስትገፉ አየሩ በቀጭኗ ቱቦ አፍ ላይ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ፈሳሹም በቱቦዋ ወደ ላይ ተስቦ ይበተናል። ካርቡሬተርም እንደዚያው ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ በኩል ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ከሥር ተስቦ ይረጫል። በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን ይህን ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1797 ጽፎ ያሳወቀው ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ነው። ቤንዚን የሚረጨውን ካርቡሬተር ደግሞ በ1893 ያወጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባክ ነው። ይኸው ሰው ከጎትሊብ ዳይምለር ጋር በ1885 በቤንዚን የምትሄድ የመጀመሪያዋን ሞተር ሳይክል ሠርቷል። ስለዚህ እግራችሁ ሥር ያለው ዕቃ ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነው፤ በቀላሉ አትጠርጥሩት።

ከጉሮሮው በታች አንድ ኩባያ አለ። ቤንዚኑ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በኩባያው ውስጥ ተንሳፋፊ አለች፤ ሮቶ ሲሞላ ውሃውን እንደምትዘጋው ተንሳፋፊ ማለት ናት። ቤንዚኑ ልኩ ሲደርስ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋለች፣ ሲጎድል ዝቅ ብላ ትከፍታለች። ከኩባያው ወደ ጉሮሮው ቤንዚን የሚያወጡት ደግሞ ጄት የሚባሉ፣ መሐላቸው የተበሳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ናቸው።

የትንሿ ጄት ቀዳዳ ምን ያህል ናት? ከግማሽ ሚሊሜትር ታንሳለች። የጤፍ ፍሬ አያልፍባትም። እንግዲህ ከታንክ የወረደች አንዲት የዝገት ቅንጣት ምን እንደምታደርግ እናንተው አስቡት።

[ድምፅ፦ ሞተር ሳይክል ዳገት ሲወጣ፤ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል]

አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዲቲዋ ከከተማ ስወጣ ደህና ትሄዳለች፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ግን ነዳጅ እንዳለቀባት ቀስ እያለች ትጠፋለች። ወርጄ ላቤን ጠርጌ ውሃ ጠጥቼ ስረግጣት ትነሳለች። ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር፣ ደግሞ መጥፋት። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈቱት፣ ሦስት ጊዜ አስከፈሉኝ፣ ሦስት ጊዜም መንገድ ላይ ቀረሁ።

በአራተኛው ቀን መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ አዛውንት መካኒክ አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ካርቡሬተሩን ተወውና የታንኩን ክዳን ክፈተው" አሉኝ። "ኧረ ጋሼ፣ ነዳጅ አለ፤ ዛሬ ነው የሞላሁት" አልኳቸው። "ክፈተው ብዬሃለሁ፤ ደግሞ ስትከፍተው ጆሮህን ጠጋ አድርግ" አሉኝ።

ክዳኑን ሳዞረው ታንኩ "ሽሽሽ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ረግጬ አስነሳኋት፤ ወዲያው ተነሳች።

ነገሩ ምን ነበር? የታንክ ክዳን አየር የሚያስገባ ደቃቅ ቀዳዳ አለው። ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን አየር ካልተካው ታንኩ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ከጄሪካን ዘይት ስትቀዱ አየር ሲያጣ ጉርጉር እያለ እንደሚቆራረጠው ማለት ነው። የእኔ ክዳን ቀዳዳ በአቧራና በጭቃ ተደፍኖ ነበር። አዛውንቱ በመርፌ ጠረጉትና "በል ሂድ" አሉኝ። ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ያቺ ሞተር ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አላስቸገረችኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፤ ታንክ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ከዚያ በኋላ ካርቡሬተር። እርሳስ ያላችሁ ጻፉት፤ ታንክ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ በመጨረሻ ካርቡሬተር።

[አጭር ሙዚቃ]

ታንኩ እንዴት ይፈተሻል? ከካርቡሬተሩ ላይ የነዳጅ ጎማውን አውጡና ጫፉን ጥርት ወዳለ ብርጭቆ ውስጥ ክተቱ። የነዳጁን መክፈቻ ክፈቱና ግማሽ ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። ሳይቆራረጥ ይወርዳል? ጥሩ። እየቀጠነ ሄዶ ይንጠባጠባል? ክዳኑን ክፈቱ። ያኔ ፍሰቱ ከበረታ ችግሩ ክዳኑ ነው። ካልበረታ መክፈቻው ወይም በውስጡ ያለችው ማጥለያ ተደፍናለች።

ብርጭቆውን ደግሞ አትድፉት። ብርሃን ላይ አቁማችሁ ሥሩን እዩ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከታች እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል። ቡናማ ደቃቅ ካያችሁ የታንኩ ዝገት ነው። ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ሁላችንም ገዝተናል፤ አማራጭ ሲጠፋ ምን ይደረግ። ግን ውሃም፣ አቧራም፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ይሆናል። ቢያንስ ንጹሕና ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ አጥልሉት። ሌላ ደግሞ እለምናችኋለሁ፤ ቤንዚን በአፋችሁ በጎማ አትሳቡ። ትን ብሎ ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል።

ቀጥሎ ካንዴላ። ካንዴላ የሞተር ምላስ ናት፤ ሐኪም "ምላስህን አውጣ" እንደሚለው ፍቱና እዩዋት። ጫፏ እንደ ቀላ ያለ ቡና ከሆነ ውሁዱ ልክ ነው። እንደ ምጣድ ጥላሸት ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም አየር አንሷል። ነጭ ሆና የተጠበሰች ከመሰለች ቤንዚን አንሷል፣ ወይም ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው። ደግሞም ብልጭታዋን እዩ፤ ደካማ ብልጭታ ያላት ሞተር ልክ ካርቡሬተሩ እንደተበላሸባት ሞተር ነው የምትሆነው። አዲስ ካንዴላ ደግሞ ከሦስት ጊዜ የጋራዥ ክፍያ ይረክሳል።

ከዚያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ። በበጋ በኮረኮንች መንገድ ለሚሄድ ሰው በየሳምንቱ ቢታይ አይበዛም። የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥቂት ዘይት አስነክታችሁ መልሱት። ያለ ፊልትሮ ግን አትንዱ፤ የገባው አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል።

[ድምፅ፦ ሞተር በቀስታ ሲያዞር]

ሦስቱን አይተናል እንበል፤ ችግሩ ግን አለ። አሁንም ካቻቪቴውን አትንኩ፤ በቅድሚያ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃት።

የመጀመሪያው የቾክ ጥያቄ ነው። ሞተሯ በደንብ ከሞቀች በኋላ እየሄደች ቾኩን ጥቂት ሳቡ። ቾክ ቤንዚኑን ያበዛል። ከተሻላት ቤንዚን ርቧታል ማለት ነው፤ ጄት ተደፍኗል፣ ወይም አየር እየሾለከ ይገባል። ከባሰባት ደግሞ ቀድሞውንም ጠግባለች ማለት ነው። ተሻላት? ርቧታል። ባሰባት? ጠግባለች። ይህን ለማወቅ አንድ ብሎን እንኳን አልፈታንም።

ሁለተኛው የፕላስተር ጥያቄ ነው። ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፉ፤ ከጎኑ ባለው በማይዞረው ክፍል ላይም አንድ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እጀታውን ከዝግ እስከ ሙሉ አዙሩና ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሦስት አራተኛውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። አሁን ንዱና ችግሩ የትኛው ምልክት ላይ እንደሚመጣ እዩ። ሳትሰጧት ቆማ ስታዞር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ላይ የምትጠፋ ከሆነ ጉዳዩ የትንሿ ጄት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው ላይ የምትንገራገጭ ከሆነ በመሐል ከፍ ዝቅ የምትለውን ረጅሟን መርፌ ተጠራጠሩ። ሙሉ ስትሰጧት ብቻ የምትደክም ከሆነ ትልቋ ጄት ናት። አያችሁ? ሙሉ ስትሰጧት የምትደክምን ሞተር የሚኒሞ ብሎን በማዞር ማዳን አይቻልም። ብዙ ሰው ግን የሚያዞረው ያንኑ ብሎን ነው፤ እጁ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ።

ስለ አየር መሹለክም አንድ ነገር ልበል። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ሞተሯ ቆማ ስታዞር በብሩሽ የሳሙና ውሃ ዙሪያውን ቀቡት። አዟዟሯ ከተለወጠ ወይም ሳሙናው ወደ ውስጥ ከተሳበ ስንጥቁ እዚያ ነው። ነዳጅ ስትለቁ ሚኒሞዋ ቶሎ የማይወርድ፣ ማርሚታዋም ጠሽ ጠሽ የሚል ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህን ጎማ ፈትሹ።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን እንፍታው። መጀመሪያ ግን አካባቢያችሁን እዩ። ከሰል ምድጃ አለ? ቡና እየተፈላ ነው? ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ? የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ካለ እሳት ጋር ይገናኛል። ደጅ ውጡ።

ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ነጭ የምለው ትንሽ ዕቃ ስትወድቅ እንድትታይ ነው። የነዳጁን መክፈቻ ዝጉ። ከኩባያው ሥር ባለችው ማፍሰሻ ብሎን ቤንዚኑን አፍስሱ። ኩባያውን ፍቱና ሥሩን በጣታችሁ ዳስሱት። ሞተሯ ለወራት ቆማ ከነበረ ወርቃማ ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ታገኛላችሁ። ቤንዚን ሲተንና ሲያረጅ የሚተወው ዝቃጭ ነው፤ ጄቷንም የደፈናት እሱ ነው።

ጄቶቹን በልካቸው ካቻቪቴ ፍቱ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ አፉን ይበላዋል። ከዚያ ጄቷን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ሰማይ አንሱና በአንድ ዓይናችሁ አጮልቁባት። ክብ፣ ጥርት ያለ ብርሃን ይታያችኋል? ንጹሕ ናት። ብርሃኑ ግማሽ ጨረቃ ከመሰለ ወይም ጨርሶ ከሌለ ተደፍናለች።

በምን እናጽዳት? እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እነግራችኋለሁ። በብረት ሽቦ አይደለም! በልብስ መርፌም አይደለም! ቀዳዳዋ የተለካች ናት፤ ብረት ሲገባባት ትሰፋለች፣ ስትሰፋ ልኳን ትስታለች፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒቷ አዲስ መግዛት ብቻ ነው። በካርቡሬተር ማጽጃ ወይም በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፏት፤ ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሂዱና በአየር አስነፏት። ካልለቀቀች ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አሳልፉባት። የካርቡሬተሩን አካል ቀዳዳዎችም አንድ በአንድ በአየር ንፉ፤ ተንሳፋፊዋንና የጎማ ዕቃዎችን ግን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ማጽጃውም የአየሩም ግፊት ይጎዳቸዋል።

የሚኒሞውን የውሁድ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። እስኪነካ ድረስ በቀስታ ወደ ውስጥ አዙሩትና ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩ። አንድ ተኩል? ሁለት? ጻፉት። ስትመልሱት በዚያው ቁጥር ትመልሱታላችሁ። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ከአንድ ተኩል ዙር ጀምሩ። አጥብቃችሁ ግን አትዝጉት፤ ጫፉ ሹል ነው፣ መቀመጫውን ያበላሻል። ብሎኑ ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ ቤንዚን ነው የሚቆጣጠረው፤ ስትፈቱት ቤንዚን ይጨምራል። ወደ ፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ነው፤ ስትፈቱት ቤንዚን ይቀንሳል። አንዱን ለሌላው ያሳሳተ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ይውላል።

ሞተሯ ቆማ ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያፈስ ከሆነስ? የተንሳፋፊዋ መዝጊያ ቆሽሻለች ወይም ተበልታለች። ጫፏን በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ቀለበት የመሰለ ጎድጓድ ካለባት ትቀየር። እንደ ሆንዳ ኤክስኤል ባለአራት ምት ሞተር ከሆነች ደግሞ የሞተር ዘይቱን አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ሳትቀይሩ አታስነሷት፤ የቀጠነ ዘይት ሞተር ይጨርሳል።

[ድምፅ፦ ነፋስ፤ ሞተር ሳይክል በከባድ ማርሽ ዳገት ሲወጣ]

ቆላና ደጋ ለምትመላለሱ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሸዋ ሮቢት ላይ እንደ ልቧ የምትሄድ ሞተር ደብረ ሲናን አልፋ ጣርማ በር ስትደርስ ለምን ትታፈናለች? ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፤ ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከታችኛው በስድስተኛ እጅ ያህል ሳስቷል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሯ ትጠግባለች፤ ካንዴላዋም ትጠቁራለች። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለሌላ አገር አየር ስለሆነ ነው።

ኑሯችሁ ደጋ ከሆነ በረጅሟ መርፌ ራስ ላይ ያለችውን ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ አውጧት፤ መርፌዋ ዝቅ ትልና ቤንዚን ትቀንሳለች። ሙሉ ስትሰጧትም የምትታፈን ከሆነ በቁጥር አነስ ያለች ትልቅ ጄት ይግባላት። ነገር ግን ለደጋ በተስተካከለች ሞተር ቆላ ወርዳችሁ በሙሉ ነዳጅ አትጋልቡ። እንደ ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ያሉ ባለሁለት ምቶች ቤንዚን ሲያንሳቸው ከልክ በላይ ይግላሉ፤ ፒስተኑም ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል። ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ክሊፗን ወደ ቦታዋ፣ ትልቋን ጄት ቀይራችሁ ከነበረም የቀድሞዋን መልሱ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ በቀስታ ይጀምራል]

እስከ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ወይም ነገ ሞተራችሁ በደንብ ሄዳ ስትመለስ፣ እስክትበርድ ጠብቃችሁ ካንዴላዋን ፍቱ። ቀለሟን እዩና ጻፉልን፤ ጥቁር ናት፣ ነጭ ናት፣ ወይስ ቡናማ? የምትኖሩበት ቆላ ይሁን ደጋ፣ ችግሩም በየትኛው የነዳጅ ምልክት ላይ እንደሚመጣ አብራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤዎቻችሁን እዚሁ አንብበን አንድ በአንድ እንነጋገርባቸዋለን። እስከዚያው ያን የሚኒሞ ብሎን አትንኩት፤ አደራ።

[ሙዚቃው ከፍ ይላል]